ራሷን የማትለቀው ሹሩባ ሠሪ

ቆቦ ውስጥ ኡሙልኸይር ያልዳሰሰችው የሴት ራስ ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ትናንት በአውቶብስ የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከገበያው ጀርባ፣ በማሽላ አገዳ ከተከለለች ዳሷ ሥር ተቀምጣ የሰው ራስ በጉልበቷ መሐል ይዛ ኖራለች። የማን ሽበት በቀለም እንደተሸፈነ፣ የትኛዋ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት እንዳለቀሰች፣ የትኛዋ አማት ምራቷን ምን እንዳለች ታውቃለች። ሚስጥር ትጠብቃለች እንዳንል ታወራለች፤ ታወራለች እንዳንል ስም አትጠራም። ስም ሳይጠሩ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደሆነ እንዲያውቅ አድርጎ ማውራት የራሱ ሙያ ነው፤ እሱንም ተክናበታለች።

በጸጉር ሥራዋ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ደንበኛ ከፊቷ ቁጭ ስትል የመጀመሪያ ቃሏ ሰላምታ አይደለም፤ «ራስሽን ልቀቂልኝ» ነው። አንገቷን ገትራ የምትቀመጥ ሴት ታበሳጫታለች። በሚዶው ጀርባ ትከሻዋን ቸብ ታደርጋትና፣ ወይ ራስሽን ስጪኝ ወይ ይዘሽው ወደ ቤትሽ ሂጂ ትላታለች። ሴቶቹም ይስቃሉ፣ ራሳቸውንም ይሰጧታል። ባሏ አሊ ወደ አፋር እየወረደ ፍየል ሲነግድ ወባ ገደለው፤ ሦስቱን ልጆቿን ያሳደገቻቸው በዚሁ በሰው ራስ ነው።

የሹሩባ ሠሪዋን ራስ ደግሞ ማን ይሠራዋል? ቆቦ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቀዋላ። ሳሊሀ ናት። ሁለቱ ልጃገረድ ሳሉ ጎብዬ ላይ ከአንዲት ቁጡ አሮጊት ዘንድ አብረው ሙያ ለመዱ። አሮጊቷ ማለማመጃ ብላ የአንዷን ራስ ለሌላዋ ሰጠቻቸው፤ እንደተሰጣጡ ቀሩ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱም ሥራ ይዘጉና፣ አንዷ የሌላዋን ፈትታ፣ አበጥራ፣ ለጋ ቅቤ ቀብታ ትሠራለች። ኡሙልኸይር ከሳሊሀ ጉልበት መሐል ስትገባ መጀመሪያ ታወራለች፣ ቀጥሎ ድምጿ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ለሌላ ሰው ራሷን አስነክታ አታውቅም ነበር።

ይህ ሁሉ በ2002 ዓ.ም. ዋጃ ላይ፣ በአንድ ሠርግ አበቃ። የሙሽራ ራስ ሁለት ሠሪ ሲኖረው ወግ አለው። በዕድሜ የምትበልጠው በሚዶው ጫፍ ከግንባር እስከ ማጅራት መሐል ለመሐል መስመር ታወጣለች፤ ከዚያ ራሱ ለሁለት ይከፈልና አንዷ ቀኙን፣ አንዷ ግራውን ትይዛለች። ኡሙልኸይር ሳሊሀን በአራት ወር ትበልጣታለች፤ አራት ወሯን ግን አርባ ዓመት አድርጋ ነው የምትቆጥራት። መስመሩን አወጣች። ሳሊሀ ጎንበስ ብላ አየችና፣ የሙሽራዋ እናትና አክስቶቿ ሁሉ በተሰበሰቡበት፦

«መስመሩ ዞሯል» አለች።

«መስመሩ አልዞረም፤ ዓይንሽ ነው የዞረው» አለቻት ኡሙልኸይር።

ሳሊሀ ሚዶዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተነሣች፤ አስፋልት ዳር ወጥታ ከአላማጣ የሚመጣ ሚኒባስ አስቆመችና፣ የሙሽራዋን ግማሽ ራስ እዚያው ጥላ ቆቦ ገባች። ኡሙልኸይርም ሁለቱንም ጎን ብቻዋን ሠርታ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። ሳሊሀ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ የራሷን ዳስ አቆመች። ሽማግሌ ገብቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ወንዶች ናቸውና ነገሩን ሲሰሙ «በአንዲት የጸጉር መስመር ነው ይሄ ሁሉ?» ብለው ሳቁ። ሁለቱም ሴቶች በአንድ አፍ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» አሏቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

የኡሙልኸይርን ራስ መሥራት ለእህቷ ልጅ ለኡሙሰልማ ወደቀ። ኡሙሰልማ ልቧ ወርቅ ነው፤ ጣቶቿ ግን የግመል ገመድ ቢፈትሉ ይሻላቸው ነበር። ኡሙልኸይር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባ ማሰር የጀመረችው ያኔ ነው። ሰፈሩ ዲኗን አጠበቀች ብሎ አደነቃት፤ እሷም አላስተባበለችም።

ኡሙልኸይር የደበቀችው አንድ በሽታ ነበረባት፤ አሁን ወደ እሱ እንምጣ። አያተኩስም፣ አያስልም፣ ምግብም አይከለክልም። ኡሙልኸይር አልጋዋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገላበጥ ቤቱ ተነሥቶ ይዞራል። ሰላት ላይ ግንባሯን ከመሬት አድርሳ ቀና ስትል ይዞራል። ከሁሉ የከፋው ግን በሰው ራስ ላይ ስታጎነብስ መዞሩ ነው። ግማሽ ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ምንም እንዳላደረገ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ግን ሦስት የነበረው ጉንጉን አምስት ሆኖ ይታያታል፣ ሚዶውም ወደ ሰው ጆሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መደበቅ ነው። በዚህ በኩል ተሰጥዖ አላት። ከአንድ ቡና ቤት ባንኮኒ ፊት የሚቆም ረጅም በርጩማ ተዋሰችና ደንበኞቿን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች፤ እሷ ቆማ፣ አንገቷን ሳትሰብር ትሠራለች። ሴቶቹ ምንድን ነው ይሄ ሲሏት፣ ፊቷ ቅንጣት ሳይለወጥ፣ ደሴ አሁን እንዲህ ነው የሚሠራው አለቻቸው። ደሴ ከተባለ ማን ይከራከራል? በሳምንቱ ቆቦ ውስጥ መሬት ተቀምጦ መሠራት የገጠሬ ሆነ። ጉልበታቸው የደከመ ሴቶች ሳይቀሩ በሁለት ሰው እየተደገፉ ወደ በርጩማው ወጡ፤ ሲወርዱም እንደዚያው። ሳሊሀ ከማዶ ሆና ሦስት ቀን አየች። በአራተኛው ቀን በአንድ ስንዝር የሚበልጥ በርጩማ አሠርታ አቆመች።

ሁለተኛ ያደረገችው ነገር ሮቢት ላይ ዘመድ መፍጠር ነው። «ሮቢት ያለች አንዲት ዘመዴን ራሷን ያዞራታል» ትላለች እየጎነጎነች፣ ነገሩ እንዳላሳሰባት ሁሉ። ቆቦ ውስጥ ደግሞ መድኃኒት የማያውቅ ሰው የለም። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥራ ታሽትት አለች፣ አንዷ ደም ማነስ ነውና ጉበት ትብላ፣ አንዷ ከትራሷ ሥር ጨው ታድርግ፣ አንዷ ዓይን ነው፣ አንዷ ጅን ነው። የሮቢቷ ዘመድ ሁሉንም ሞከረች። መድኃኒት ቤት ሄዳም ኪኒን ገዛች፤ ኪኒኑ ማዞሩን ትቶ ሴትዮዋን አስተኛት። አንድ ቀን በአንዲት መምህርት ራስ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ መምህርቷም ዱዓ እያደረገችልኝ ነው ብላ ሩብ ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ጠበቀቻት።

እንዲህ እያለች እንደምንም ልትቆይ ትችል ነበር። ነገር ግን ጥር መጣ፣ ከጥርም ጋር የመቅደላዊት ሠርግ። መቅደላዊት የጎረቤቷ የወርቅዬ ልጅ ናት። የልጅነት ቁንጮዋን ያበጠረችላት ኡሙልኸይር ናት፤ የሙሽርነቷንም እኔው ነኝ የምሠራው ብላ ቃል የገባችው ልጅቷ ገና በእግሯ ሳትሄድ ነው። ሙሽራ ደግሞ በርጩማ ላይ አትወጣም። ደሴ የፈለገውን ቢያወራ፣ የራያ ሙሽራ መሬት ላይ አጎዛ ተነጥፎላት ነው የምትሠራው፤ ሠሪዋም ከኋላዋ ተቀምጣ አጎንብሳ፣ ሃያ ሴት እያያት፣ ግማሽ ቀን።

ኡሙልኸይር ፈራች። በሕይወቷ ጥቂት ነገር ነው ያስፈራት፤ ይሄ ግን አስፈራት። በሙሽራዋ ራስ ላይ ዓለም ቢዞርባት፣ መስመሩ ቢጠምም፣ ከዚያ ወዲያ ቆቦ ውስጥ ሚዶ የምትይዝበት ፊት አይኖራትም። ሚዶ ካልያዘች ደግሞ ማን ናት? ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ጤና ጣቢያ ሄደች።

እዚያ የተቀበላት ይድነቃቸው የሚባል፣ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ ወጣት ጤና መኮንን ነው። የቆላውን ሙቀት ገና አልለመደውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ግንባሩን ይጠርጋል። ኡሙልኸይር ደስ ሲላት «ዶክተር» ትለዋለች፣ ሲያናድዳት «አንተ ልጅ»። ብዙ ጠየቃት። ሲያዞራት ወደየት ዞራ እንደነበር፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠይቃት ካለፈው ወር አለችው። ይሄ ውሸት ነው። ለምን እንደዋሸች እሷ ታውቃለች፤ እኛም እንደርስበታለን።

አልጋው ላይ አስተኝቶ ራሷን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ዓይኗን አየ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ብሌን ይርገበገብ ነበር። ወጣቱ የጠፋበት ዕቃ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለ። በጆሮ ውስጥ፣ ሚዛን በሚጠብቀው ክፍል፣ እንደ አሸዋ የደቀቁ ጠጠሮች እንዳሉ፣ የእሷ ከቦታቸው ወጥተው ወደማይገቡበት ቦይ እንደገቡ፣ ኪኒን እንደማያሻው፣ ራስን በሥርዓት በማዞር ብቻ ጠጠሮቹን መመለስ እንደሚቻል አስረዳት። ኡሙልኸይር እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ሠላሳ ዓመት ራስ ሳበጥር ቅማል እንጂ ጠጠር አግኝቼ አላውቅም።»

ቢሆንም ተኛችለት። ራሷን በሁለት እጁ ይዞ ከአልጋው ጫፍ ወደ ታች አንጠለጠለ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ በጎኗ አስተኛት፣ አስነሣት። ብዙ ሰው በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ይሻለዋል ብሎ ሸኛት። አልተሻላትም። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች፣ አሁንም አልተሻላትም። አራት ጊዜ ተመላለሰች። ይድነቃቸው ሌሊት ደብተሩን ሲያገላብጥ እያደረ፣ ምናልባት ጆሮው ሌላው ይሆን ብሎ በግራም ሞከረ። የማዞሩ ነገር ፍንክች አላለም። ወጣቱን ያስጨነቀው አንድ ነገር ነበር። የሰው ራስ ይከብዳል፤ የዚህች ሴት ራስ ግን እጁ ላይ ሲያርፍ እንደ ባዶ ቅል ይቀለዋል። ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ነገሩ ቀላል ነው። ኡሙልኸይር መንግሥት ቤት ስትሄድ እንደ ሰው ተዘጋጅታ፣ ጸጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ ነው። የጤና ጣቢያው አልጋ ነጭ አንሶላ አለው። ያንን አንሶላ ቅቤ ላስነካ? ብላ አንገቷን ገትራ ትይዛለች። ከአልጋው ጫፍ ወደ ታች ሲያንጠለጥላት ደግሞ፣ ልጁ ምስኪን ነው፣ ክንዱ እንዳይዝል ብላ ራሷን ራሷ ትሸከምለታለች። እየረዳችው ነው እሷ እንደሚመስላት። ጠጠሮቹም ራሱ በደንብ ስላልተዘቀዘቀላቸው ካሉበት አልተነቃነቁም።

ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው ይድነቃቸው ሎሚ ሊገዛ ገበያ ወጣ። ሎሚውን ገዝቶ ኡሙልኸይር ዳስ አጠገብ ሲደርስ ወርቅዬ በረጅሙ በርጩማ ላይ ተሰቅላለች፤ የልጇ ሠርግ ስላስጨነቃት አንገቷ ደርቋል። ኡሙልኸይር በሚዶው ጀርባ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻትና፣ ራስሽን ልቀቂልኝ እንጂ፣ አንቺ ተሸክመሽው እኔ ምኑን ልሠራው ብላ ጮኸችባት። ይድነቃቸው ባለበት ቆመ። ሎሚዎቹ ከእጁ ወድቀው በመንገዱ ተንከባለሉ። ከዚያ ሳቀ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ነው የሳቀው።

«እርስዎስ?» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «እርስዎ ራስዎን ለቀውልኝ ያውቃሉ?»

ኡሙልኸይር ሚዶውን በነጠላዋ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ሲዋሽ የኖረ አንደበት እውነት ሲፈለግበት ምን ያህል እንደሚከብደው ያኔ ነው ያየችው። ይድነቃቸው እዚያው ቆሞ፣ ለበሽተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ማድረጉ ስህተቱ እንደነበር፣ ለእርሷ ለብቻዋ የሚሆን መንገድ መፈለግ እንዳለበት ተናገረ። አልጋው ይቅር፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ምንጣፏ፣ ቅቤ ቢነካው ማንም በማይቆጣበት ትራስ ይሁን። እጁም የእሱ እጅ ካልሆነላት የሌላ ይሁን። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ራሷን ለማን ነው የምትለቀው?

ኡሙልኸይር የወርቅዬን ጸጉር መጎንጎን ቀጠለች። ወርቅዬ ግን ከበርጩማው አናት ላይ ሆና፣ በከንፈሯ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ዳስ አመለከተች።

«የሮቢቷ ዘመድሽም» አለቻት አክላ፣ «ከኅዳር ጀምሮ አውቄያታለሁ።»

ይድነቃቸው የደብረ ታቦር ልጅ ነው። እዚህ አገር የተጣሉ ሰዎች መሐል ሲገባ ማን ቀድሞ እንደሚላክ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ጊዜ እምቢ ማለት እንዳለበት አያውቅም። ሎሚውን እንኳ ሳይለቅም መንገዱን ተሻግሮ ሳሊሀ ፊት ቆመና እጅዎን ፈልጌ ነው አላት። ነገሩን ዘርዝሮ ነገራት። ሳሊሀ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«እኔ ከሷ ጋር አልታረቅሁም» አለችው።

«ታረቁ አላልኩም። ራሷን ይያዙልኝ ነው ያልኩት።»

ሳሊሀ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። የታረቀ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ሳይታረቁ ማድረግ የሚቻልበት መንገድ እስከዚያ ቀን ማንም አሳይቷት አያውቅም። ለሐሙስ ከሰዓት እመጣለሁ አለች። ቀኑን እሷው ናት የመረጠችው።

ሐሙስ ዕለት ኡሙልኸይር ቤቷን ሦስት ጊዜ ጠረገች። ሳሊሀ ስትገባ ለበሩ፣ ለግድግዳውና ለይድነቃቸው ሰላምታ ሰጥታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የነበረው ንግግር ሁሉ በጤና መኮንኑ በኩል አለፈ። ሳሊሀ «ዶክተር፣ ሻሿን ትፍታ በላት» ትላለች። ኡሙልኸይር «ዶክተር፣ ሰው ቤት ገብቶ ማዘዝ የለም በላት» ትላለች፤ ሻሿን ግን ፈታች። ሳሊሀ የኡሙሰልማን ሥራ አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው። አፍንጫዋ ሰፋ ብሎ ጠበበ።

ይድነቃቸው ትራሱን ከትከሻዋ በታች እንዲሆን አድርጎ አስቀመጠ። ሳሊሀ ከኋላ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘርግታ፣ እንደ ድሮው። ኡሙልኸይር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ይድነቃቸው ሳሊሀን ራሷን ወደ ቀኝ ያዙሯት፣ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ያስተኟት፣ ራሷ ከትራሱ አልፎ ወደ ታች ይንጠልጠል አላት። ለሳሊሀ ይሄንን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር፤ ራስ ማዞር ሥራዋ ነው። ጣቶቿ ከኡሙልኸይር ጆሮዎች በስተኋላ ገቡ፣ ያዙ፣ አስተኟት።

አንገቱ አሁንም ገተር አለ። ሳሊሀ በጣቷ ማጅራቷን ነካ አደረገቻት፤ ጎብዬ እያሉ አሮጊቷ የነካቻቸውን ቦታ። ሠላሳ ዓመት ያንን ቦታ የነካት ሌላ ሰው የለም። አንገቱ ላላ፣ ራሱም በሙሉ ክብደቱ ሳሊሀ እጅ ላይ ወረደ። በዚያው ቅጽበት ቤቱ ተነሣ። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ የይድነቃቸው ፊት፣ ሁሉም አንድ ላይ መዞር ጀመሩ፤ እስከዛሬ ካየችው ሁሉ የከፋ ነበር። ኡሙልኸይር የሳሊሀን ጉልበት ጨብጣ ያዘች።

«ሳሊሀ፣ እንዳትለቂኝ» አለቻት። ሁለት ዓመት ያልተጠራ ስም ነው።

«አንቺ ልቀቂ እንጂ፣ እኔ ይዤሻለሁ።»

ይድነቃቸው አሁን አትንቀሳቀሱ፣ እስኪቆም ጠብቁ አለ። ጠበቁ። ኡሙልኸይር ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷ ተዘቅዝቆ፣ በዚያ በሚዞር ቤት ውስጥ፣ የሚያሳፍር ነገር ሁሉ የጠፋ መስሏት ተናገረች።

«ዋጃ ላይ ነው የጀመረኝ» አለች። «የዚያን ዕለት ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ላንቺ አልነገርኩሽም። ለዚህም ልጅ ባለፈው ወር ነው ብዬ ዋሸሁት። ቀኑን ብናገር መስመሩ ዞሮ ነበር ማለት ነዋ።»

 ይድነቃቸው ሳሊሀን ወደ ግራ ያዙሯት አላት፤ አዞረቻት። በጎኗ ትተኛ፣ ፊቷ ወደ መሬት ይሁን አለ፤ አስተኛቻት። ቤቱ ቀስ እያለ፣ እያመነታ፣ ቆመ። ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ኡሙልኸይር አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ጣሪያውን አየች። ሁሉም በየቦታው ነበር። አልሐምዱሊላህ አለችና አለቀሰች፤ ደስ ብሏትም ነው፣ አፍራም ነው፣ ሁለቱን መለየት አልቻለችም።

«ዞሮ ነበር» አለቻት ሳሊሀ በመጨረሻ። «እንደዞረ አውቅ ነበር። እንዳመመሽ ግን አላወቅኩም። ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ አወጣው ነበር እኮ።»

ይድነቃቸው መሣሪያ የለውም፣ የሚሰበስበው ነገር የለውም፤ ቢሆንም የሆነ ነገር እንደሚሰበስብ ሰው ወዲያ ወዲህ አለ። በሦስተኛው ቀን አንዴ ይደገም፣ ለጥቂት ቀን ትራሷን ከፍ አድርጋ ትተኛ፣ በቀኝ ጎኗም አትተኛ ብሎ ወጣ። ከበሩ ሳይርቅ ከኋላው የሳሊሀን ድምፅ ሰማ። ማን ነው ራስሽን እንዲህ ያደረገው፣ አህያ ነው የታሰረበት? እያለች ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ አስተኝቶ ዓይኗን አየ፤ ብሌኗ ጸጥ ብሏል። ኡሙልኸይር ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ ልጅ» ብላው አታውቅም።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳሊሀ የኡሙሰልማን ሥራ አንድ በአንድ ፈትታ፣ አበጥራ፣ ቅቤ ቀብታ እንደ አዲስ ሠራቻት። መስመሩን ስታወጣ ኡሙልኸይር እንደ ልማዷ እያንኮራፋች ነበር። ስትነቃ ጣቷን ከግንባሯ ጀምራ በመስመሩ ላይ እስከ ማጅራቷ ሄደችበት። መሐል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ሳሊሀ፣ ይሄ መስመር ዞሯል።»

«አልዞረም» አለቻት ሳሊሀ ሚዶዋን እየጠረገች፣ «ጣትሽ ነው የዞረው።»

ኡሙልኸይር ፍቺልኝ አላለቻትም።

መቅደላዊት አጎዛዋ ላይ ተቀምጣ ተሠራች። ኡሙልኸይር ከኋላዋ አጎንብሳ፣ ሃያ ሴት እያያት፣ መስመሩን ከግንባር እስከ ማጅራት አወጣች፤ ሳሊሀ ጎንበስ ብላ አየችና ምንም ሳትናገር ግራውን ያዘች። ሁለቱ ረጅም በርጩማዎች ለሠርገኛው መጥሪያ ጡሩምባ ነፊዎች መቀመጫ ሆኑ፤ ዳግመኛም ወደ ዳሶቹ አልተመለሱም። በሠርጉ ቀን ሁለቱ ለእስላም እንግዶች በተለየው ዳስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሙሽራዋ እናት ወርቅዬ እንግዶቿን ልታስተናግድ ስትዞር ኡሙልኸይር አጠገብ ደርሳ ቆመች። ሁለት ዓመት እስከ ቅንድብ ይታሰር የነበረው ሻሽ አሁን እስከ አናቷ ወደ ኋላ ተመልሷል። ወርቅዬ አየች፣ ጠጋ ብላም አየች፣ ከዚያ ማንም እንዳይሰማባት ጆሮዋ ላይ ሹክ አለቻት፤ መስመርሽ እኮ ዞሯል።

«አውቃለሁ» አለቻት ኡሙልኸይር። «የዋጃው ብድር ነው።»

ሻሿንም ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው።